የሽማግሌው እንጉርጉሮ

የኦርኬስትራ መሪ ሥራው በእጁ ነው፤ አፉ መድረክ ላይ ምንም ጉዳይ የለውም። ይህን የማያውቅ መሪ የለም፣ ከዚህች ልጅ አባት በቀር። አባቷ ዘንጉን ካነሳበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያወርድ ድረስ ያንጎራጉራል። እንጉርጉሮ የምንለው ለክብሩ ብለን ነው እንጂ አንዳንዱስ ማጓራት ነው። ቫዮሊኖቹ ሽቅብ ሲወጡ አብሮ ይወጣል፣ ኮንትራባሶቹ ቁልቁል ሲወርዱ አብሮ ይወርዳል፣ ሁሉም ዝም በሚልበት ቦታ ደግሞ እሱ ብቻውን ይቀራል። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሙዚቃውን ያህል የሽማግሌውን ጉሮሮ ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ልጅ ሳለች አንድ ቀን የክፍል ጓደኞቿን ሰብስባ ኮንሰርት ወሰደቻቸው። ልቧ በኩራት አብጦ ነበር። አዳራሹ ረጭ ባለበት ሰዓት አባቷ «ምምምም» ማለት ሲጀምር ጓደኞቿ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት ስሟ ቀርቶ «እንጉርጉሮ» ሆነ። ቤት ገብታ አባቷን «ሁለተኛ ከአንተ ጋር የትም አልሄድም» አለችው፣ አልሄደችምም። አድጋ እሷም መሪ ስትሆን፣ ዘንግ ይዤ ከአፌ ትንፍሽ አልልም ብላ ለራሷ ማለች። በሌላ ከተማ የተማሪዎች ኦርኬስትራ ትመራ ነበር፤ መሐላዋንም ጠብቃ ኖራለች።

ያ አፍ አሁን ተዘግቷል። ባለፈው ክረምት አባቷን ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁንና አንደበቱን ይዞበት ሄደ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መልስ ግን የለም። ሐኪሙ «ድምፁ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ብሎ አለፈው፤ ይህንንማ እኛም እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኮት ዳር ተቀምጦ መንገዱን ከማየት በቀር ማቃሰት እንኳ ተወ። እናቷ ለጎረቤት ስታወራ «ዕድሜ ልኬን ዝም በል ስለው ኖሬ፣ ይኸው ዝም ቢል ቤቱ ጠበበኝ» ትላለች። መጀመሪያ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ አይስቅም።

በሽታው የጣለው ከትልቅ ሥራ መሐል ነው። ከሮማንቲክ ዘመን አቀናባሪዎች አንዱ፣ በሕይወቱ አራት ሲምፎኒ ብቻ ጽፎ የሞተ ሰው ነበር፤ አባቷ እነዚያን አራቱንም በራሱ ኦርኬስትራ፣ በአንድ አዳራሽ አስቀርጾ ለትውልድ ለመተው ዓመታት ደክሟል። ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛው ሊጀመር ሲል ነው የወደቀው። ቀራጩ ድርጅት ደግሞ ቃሉ አንድ ነበር፦ ወይ አራቱን አንድ ላይ ያትማል፣ ወይ ምንም አያትምም። አዳራሹም ሊታደስ ነው፤ ለቀረጻ የተያዘው ቀን ባለፈ በሳምንቱ ወንበሩ ይነቀላል፣ ወለሉ ይፈርሳል፣ ድምፁ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። እንግዲህ አራተኛው አሁን ካልተቀረጸ ሦስቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳሉ፣ የሽማግሌው ድካምም ውኃ በላው ማለት ነው።

የኦርኬስትራው አስተዳዳሪዎች ከውጭ መሪ እናስመጣ ሲሉ፣ የአባቷ የልብ ወዳጅ የሆኑት ሽማግሌው ሆርን ነፊ ከወንበራቸው ተነሥተው «ልጁ እያለች?» አሉ። በዚህች አንዲት ቃል ነው የመጣችው። ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት «እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት፣ ዘወር ስትል «ምትክ» ብለው ስም አወጡላት። ከቫዮሊኖቹ አንዱማ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ማለቱን በሁለተኛው ቀን ጆሮዋ ደረሰ። ልክ ነው እንዳትል ከፋት፣ ውሸት ነው እንዳትል ማስረጃ አልነበራትም።

ለቀረጻ የተሰጣቸው ሦስት ቀን ነበር። ከሲምፎኒው አራት ክፍሎች የመጀመሪያው በመጀመሪያው ቀን አማረ። ሦስተኛውና አራተኛው በማግሥቱ ከታሰበው በላይ ሆነው ወጡ። የቀረው ሁለተኛው፣ ዝግተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ መከራውም ያለው እሱ ላይ ነበር። ሆርን ለብቻው ቀስ ብሎ ይጀምርና ያበቃል። ከዚያ ረጅም ዝምታ ይመጣል። ከዝምታው ውስጥ ባለ አውታሮቹ በሙሉ፣ ከቫዮሊን እስከ ኮንትራባስ፣ እንደ አንድ ሰው ትንፋሽ በስሱ መግባት አለባቸው። እነሱ ግን እንደ አንድ ሰው ሳይሆን መብራት በጠፋበት ደረጃ እንደሚወርድ ሕዝብ እየተደነቃቀፉ ይገባሉ። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ፈርቶ።

እሷ ደግሞ ያልተዘጋጀች አይደለችም። የአባቷን ሦስት ያለቁ ቅጂዎች ወራት ሙሉ ስትሰማ ከርማለች። በየዝግተኛው ክፍል እንዲህ ያለ ዝምታ አለ፤ እሱ ዝምታውን ምን ያህል እንደሚያስረዝመው፣ መቼ እንደሚለቀው፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ሸምድዳዋለች። ያንኑ ነው የምትሰጣቸው። በልምምዱም ጊዜ ይህ ቦታ አልሰምር ብሎ ነበር፤ የቀረጻው ቀይ መብራት ሲበራ ሁሉም ጠንቀቅ ስለሚል ይስተካከላል ብላ ራሷን አታለለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናትየው አባትየውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አዳራሽ ገባች። እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ጥላለታለች፣ ብብቷ ሥር ፔርሙዝ ይዛለች።

ልጅቱ ክው አለች። ወደ ኋለኛው በር ፈጥና ሄዳ እናቷን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። «እማዬ፣ ዛሬን ለምን አመጣሽው? ዛሬ እኮ ነገሩ ተበላሽቶብናል።»

«ቤት ሆኖ መስኮት ከሚያይ እናንተን ይይ ብዬ ነዋ።»

«ሲበላሽ እንዲያይ?»

«አርባ ዓመት ሲበላሽ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፣ አዲስ አይሆንበትም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

ሄደች። እንዲህ ያለ እናት ያለው ሰው ሌላ አማራጭ የለውም። አዳራሹ ሙቀቱ የጉድ ነበር፤ ድምፅ እንዳይገባ ማራገቢያው ጠፍቷል፣ ወንበራቸው የሚንቋቋ ሰዎች ከሥሩ ጨርቅ ጎዝጉዘዋል፣ የጫማ ተረከዝ የሚያንኳኳ ሁሉ ጫማውን አውልቋል። ቀይ መብራቱ በራ። ሆርን ነፊው እንደ ሁልጊዜው ድንቅ አድርገው ጀመሩ። ዝምታው መጣ። ዘንጓ ወረደች። እነሱም እንደ ሁልጊዜው ተንጋግተው ገቡ። ደገሙ፣ ሠለሱ። በአራተኛው ላይ ዝምታውን አሳጥራ ልትሞክር ብላ ሆርን ነፊው ገና ሳይጨርሱ ላያቸው ላይ ባለ አውታሮቹን ነዳችባቸው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ለምሳ ሲለቀቁ አባቷ ወዳለበት ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሌላው ሰው ምሳውን ሊበላ ሲወጣ እሷ ደረጃውን ወጥታ ወደ ቀረጻው ክፍል ገባች። ቀራጩን ሰው ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው፤ በሙያውም ስሙን አላሳፈረም። ከመስታወቱ ጀርባ ቁልፍ በሞላበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ እያኘከ ነበር።

«እስቲ የሦስተኛውን ሲምፎኒ ዝግተኛ ክፍል አሰማኝ» አለችው። «አባቴ እንዴት እንደሚያስገባቸው ደግሜ ልስማ። የሆነ ነገር አምልጦኛል።»

ጆሮ ዳቦውን ሳያስቀምጥ በሌላ እጁ ፈልጎ ከፈተላት። ዜማው ወረደ፣ አለቀ፣ ዝምታው ደረሰ። ዝምታ ግን አልነበረም። ከዝምታው ሥር አንዲት ወፍራም፣ ሻካራ፣ የምታውቃት ድምፅ «ምምምም» ብላ ተነሣች፤ ባለ አውታሮቹም ልክ በእሷ ላይ፣ አንድ ሆነው፣ ገቡ።

«ወይኔ፣ ይቅርታ» አለ ጆሮ እየተጣደፈ። «ያልተለቀመውን ነው የከፈትኩት።»

«ተወው። አትዝጋው። ያልተለቀመው ማለት?»

«የአባትሽ እንጉርጉሮ ያለበት ነዋ። እኔ አይደለሁ የማወጣው? እንክርዳድ ከስንዴ እንደሚለቅም ሰው፣ አንድ በአንድ።» ኩራቱ ፊቱ ላይ ወጣ። «አንቺ ቤትሽ ሆነሽ የሰማሽው የተለቀመውን ነው። አንዲት ነገር ሰምተሽበታል?»

አልሰማችም። እዚያው ቆማ የገባት ነገር ሁሉንም ባንድ ጊዜ ገለጠላት። ወራት ሙሉ የሸመደደችው ዝምታ፣ አባቷ ኖሮት የማያውቅ ዝምታ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ዓመታት ሙሉ የገቡት በዘንግ ሳይሆን በጉሮሮ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚሉት ይህንን ነው፤ እሷማ የባሰባት፣ ሲሉ እንኳ በቅጡ አልሰማችም።

«ግን ለምን አወጣኸው?» አለችው።

«አባትሽ ነው አደራ ያለኝ። እያንዳንዱ ቀረጻ ባለቀ ቁጥር እዚህ ድረስ ይወጣል፣ እዚህ አንቺ የቆምሽበት ላይ ይቆማል። ‹አደራህን አንዷ እንዳትቀር› ይለኛል።» ጆሮ ዳቦውን አስቀመጠ። «‹ልጄ ስትሰማው እንዳታፍርብኝ› ነበር የሚለው።»

አንዲት የተናደደች ልጅ የተናገረችውን ቃል ሽማግሌው በልቡ ይዞ፣ ሲያረጅም ይዞት፣ ድምፁን ከገዛ ሥራው ላይ ሲያስለቅም ኖሯል። እሷ ግን ቃሉ እሱን ይህን ያህል እንደጎዳው አስባ አታውቅም። ጆሮ ፊቷን አይቶ ውኃ ቀዳላት፤ ጠጣች፣ አመሰገነችው፣ ደረጃውን ወረደች።

ተጫዋቾቹ ሲመለሱ መጀመሪያ ሆርን ነፊውን ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲጨርሱ እነዚህ ባለ አውታሮች ምን አይተው ነበር የሚገቡት? በአባቴ ጊዜ ማለቴ ነው።»

«ዘንጉን ነዋ፣ ልጄ። ሌላ ምን ይታያል?»

ቼሎዎቹም ዘንጉን አሉ፣ ቫዮሊኖቹም ዘንጉን አሉ። ጉልቻ የተረተው ሰውዬ እንዲያውም የሷ ዘንግ ከአባቷ ዘንግ እንደምታንስ ሊያስረዳት ከወንበሩ ተነሣ። አንዳቸውም አልዋሹም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በየቀኑ የሚሰሙትን ድምፅ መስማት ካቆሙ ቆይተዋል።

«አባቴ እዚህ ቦታ ላይ ያንጎራጉር ነበር» አለች።

ሳቅ ሆነ። ደግ ሳቅ ነው፤ የሚወዱትን ሰው አመል ሲያነሱ የሚሳቅ። ከዚያ ከቼሎዎቹ አንዷ ሳቋን በመሐል ገታችና ወደ ጎረቤቷ ዞረች። ጎረቤቷ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። ሳቁ ከወንበር ወንበር እየጠፋ ሄደና አዳራሹ ጭር አለ። ሆርን ነፊው መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው «ለካ» አሉ።

እንግዲህ ቀሪው የእሷ ፈንታ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሷ ግን ከዚያ የባሰ ነበር የመጣባት። አፏን ልትከፍት ስታስብ እነዚያ የልጅነት ጓደኞቿ ከፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ታዩዋት። ቀይ መብራቱ በራ። ሆርኑ አለቀ፣ ዝምታው መጣ፣ እሷም ሞከረች፤ ድምፅዋ እንደ ዛገ በር ሲጥ ብሎ ተሰበረ። ከቫዮሊኖቹ መሐል የሆነ ሰው ፍርፍር አለ። ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ሳይቀር ነደደ፤ ዘንጉን ግን አልጣለችም።

«ሳቁ ይጠራቀምላችሁ፤ ስንጨርስ አብረን እንስቃለን» አለቻቸው። «ከመጀመሪያው።»

አሁን ሰዓቱ ወደ ማምሻው ያዘነብላል፤ በላይኞቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ከወለሉ ላይ ተነሥቶ ግድግዳውን ይዟል። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው የቀራቸው። ሆርን ነፊው ጀመሩ። የዚያን ዕለት ከነፉት ሁሉ የአሁኑ ለስለስ አለ። ዜማው እየሳሳ ሄደ፣ አለቀ።

ዐይኗን ጨፍና አንጎራጎረች። ከደረቷ ነው ያወጣችው፤ አልተሰበረም። ግን ድምፁን ከዜማው ልክ ዝቅ አድርጋ ነው የያዘችው፤ ጥቂት ነው፣ የፀጉር ያህል፣ ብቻ ዝቅ ብሏል። ራሷም ሰምታዋለች፣ ልታቃናው ትንፋሽ አላገኘችም። አለቀልኝ አለች በልቧ።

ከኋላ፣ ከበሩ ዘንድ፣ ሌላ ድምፅ ተነሣ።

ሻካራ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከስንት ወር በኋላ የተከፈተ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ልክ ነው፣ ቅንጣት አይዛነፍም። አባቷ ነበር። ስትሮኩ አንደበቱን ወስዶበት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ዜማ አጉድላ ስትይዝ ሰምቶ ዝም የሚልበትን ትዕግሥት ግን አልሰጠውም። የእሷ ድምፅ ወደ እሱ ድምፅ ከፍ አለና ተገናኙ፤ ባለ አውታሮቹም በሙሉ፣ ከቫዮሊን እስከ ኮንትራባስ፣ እንደ አንድ ሰው ትንፋሽ ገቡ።

አልዞረችም። ብትዞር ሁሉም ነገር እንደሚፈርስ ታውቃለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ መራች፤ እጇ ሥራውን ያውቃል። በየዝምታው ከኋላ ያ ድምፅ ይነሣል፣ በየዝምታው ሰዎቹ ይገባሉ፤ በመጨረሻ የሚንቀጠቀጠውም ነገር ቀረና እንደ ድሮው ማጓራት ጀመረ። የመጨረሻው ድምፅ በጣሪያው ሥር ተንሳፍፎ ሄዶ እስኪጠፋ ጠበቁ። ቀይ መብራቱ ጠፋ። ማንም ቀስቱን አላወረደም።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቷ ናት። «ይኸው ጀመረህ ደግሞ» አለችው ባሏን፣ በብርድ ልብሱ ጫፍ ዐይኗን እየጠረገች። «እኔ መች አረፍኩ።»

ልጅቱ ከመድረኩ ዘላ ወርዳ በወንበሮቹ መሐል ሮጠች፤ እሱ እግር ሥር ተንበርክካ ፊቷን ብርድ ልብሱ ላይ ቀበረች። ግራ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። እንደዚያ ሆነው ሳለ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ የጆሮ ድምፅ መጣ።

«እንዲህ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም» አለ። «አራቱም ሞሉ። ብቻ ድምፅ ገብቶበታል፣ ታውቃላችሁ። ሥራዬ ነው፣ አወጣዋለሁ። እንደ በፊቱ ይለቀማል፣ አንዲት አትቀርም።»

ቀና ብላ አባቷን አየችው። «አባዬ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለምን እንዳስለቀምከው ነግሮኛል። እኔ አላፍርም።» በእጇ ወደ መስታወቱ ጠቁማ ቀጠለች። «አንተ ንገረኝ። ያውጣው ወይስ ይተወው?»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ግራ እጁን ከራሷ ላይ አንሥቶ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ የሞላ ሳህን እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ከፍ አደረገውና እዚያው አቆመው።

«ምን አለ?» አለ ጆሮ ከመስታወቱ ጀርባ። የመሪ ምልክት ማንበብ የእሱ ሥራ አይደለም።

ሆርን ነፊው መለሱለት። «ያዙት፣ አትልቀቁት ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ በዚህ እጅ ነው የኖርነው።»

«ደህና» አለች ልጅቱ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የእሱ እንዳለ ይሁን። የእኔን ግን አውጣልኝ፣ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው።»

አባቷ ፊቱን ቋጠረ። እጁን አላወረደም። ያንኑ እጅ፣ መዳፉ ወደ ላይ እንደተገለበጠ፣ አየር ላይ እንደያዘው ወደ እሷ አዞረው። በአዳራሹ ውስጥ ምልክቱን ያላነበበ ተጫዋች አልነበረም።

«የሁለታችሁንም ነው የሚለው፣ መሪያችን» አሉ ሆርን ነፊው።

ከላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ጆሮ ሁለቱንም እጆቹን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።